ቤቱ የኔ ነው፣ ደንበኛውስ? «አይሆንም» የሚባልበትና የማይባልበት

ባሕር ዳር ውስጥ ምግብ ቤት፣ ሱቅ፣ ፔንሲዮን፣ ጀልባ ወይም ባጃጅ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል። ፊቴ የቆመውን ሰው ላስተናግደው ወይስ ልመልሰው? ችግሩ መልሱን የምናገኘው ብዙ ጊዜ እዚያው በዚያችው ደቂቃ፣ ተናደን ወይ ፈርተን ወይ ሰው እያየን መሆኑ ነው። እንዲህ ሆኖ የተወሰነ ውሳኔ ደግሞ አያምርም። ስለዚህ ነገሩ ሳይመጣ አስባችሁበት፣ ከሠራተኞቻችሁ ጋር ተነጋግራችሁበት እንድትጠብቁት ነው ይህን የምጽፈው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ነጋዴ እምቢ የማለት መብት አለው፣ ሊኖረውም ይገባል። ግን እምቢ የሚለው ለጠባይ፣ ለሰዓት፣ ለዕቃ፣ ለዱቤ ነው እንጂ ለሰውዬው ማንነት አይደለም። ሰክሮ የመጣን ሰው ብትመልሱት ነገ ሳይጠጣ ይመጣል፣ ታስተናግዱታላችሁ። በዘሩ ወይም በአካል ጉዳቱ የመለሳችሁት ሰው ግን ነገ ምን ሆኖ ይምጣላችሁ? ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህች ጥያቄ የሚወጣ ነው። ግራ ሲገባችሁም ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ ሰው ምን ቢያደርግ ነው የማስገባው? መልስ ካላችሁ ደንብ አላችሁ ማለት ነው። መልስ ከሌላችሁ የጠላችሁት ሰውየውን ነው።

ሕጉ ምን ይላል

«ቤቱ የኔ ነው፣ ያሻኝን አስገባለሁ» የሚል ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 1687 ላይ፣ ዕቃን ለሕዝብ መደርደር ወይም የዋጋ ዝርዝር መለጠፍ ብቻውን ሻጩን በውል አያስርም ይላል። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ቢራ ስለታየ ብቻ «የግድ ቅዳልኝ» አይባልም። በዚያው ሕግ ግን ቁጥር 1683 አለ፦ በሕግ ወይም ከመንግሥት በተሰጠው ፈቃድ ምክንያት የመዋዋል ግዴታ ያለበት ሰው ዝም በማለት አያመልጥም፣ ጥያቄው እንደደረሰው እንደተዋዋለ ይቆጠራል። ስለዚህ ነጻነቱ ከመጀመሪያውም ገደብ ነበረው።

ከዚያ በላይ ሕገ መንግሥቱ ይመጣል። አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ብሎ፣ በዘር፣ በብሔር፣ በቀለም፣ በፆታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በሀብት፣ በትውልድ ልዩነት ሳይደረግ እኩል ጥበቃ ይሰጣል። ቀጥሎ ለነጋዴ በጣም የሚቀርበው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። ሸማች በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻ የመጠበቅ መብት አለው ይላል። ሌላም የሚገርም ነገር አለው፣ ብዙ ባለሱቅ አያውቀውም። ደንበኛ ዕቃውን አገላብጦ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ እንዲገዛ አይገደድም። «ካልገዛህ ለምን ነካካኸው» ብሎ መጮህ በገበያ የለመድነው ነገር ነው። ሕጉ ግን ከነካካው ሰው ጋር ነው የቆመው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አዋጁ የሚናገረው ስለ አያያዝም ነው። ልክ በሆነ ምክንያት ሰው ብትመልሱ እንኳ ሰድባችሁ ከመለሳችሁ ተሳስታችኋል።

የግድ እምቢ የሚባልበት

ይሄ ቀላሉ ነው፣ ፈጥነን እንለፈው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮልም ሲጋራም መሸጥ ይከለክላል። አስራ ስምንት አይደለም፣ ሃያ አንድ ነው። ይህን የማያውቅ አስተናጋጅ ብዙ አለ፣ ንገሯቸው። በምርቃት ሰሞን የዩኒቨርሲቲ ልጆች በቡድን ሲመጡ ከመካከላቸው ያልሞላቸው ይኖራሉ፣ ስለዚህ አንዱን መርጦ መታወቂያ ከመጠየቅ ለጠረጴዛው ሁሉ መጠየቅ ይሻላል። «ይቅርታ፣ ሃያ አንድ ላልሞላው መጠጥ አንሸጥም፣ ለስላሳ ላምጣ?» በቃ። ስብከት አያስፈልገውም።

በዚያው አዋጅ፣ ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው፣ ከቤቱ በርና መስኮት አጠገብም እንዲሁ፣ እስከ 10 ሜትር ድረስ። ስለዚህ ሲጋራ የለኮሰውን ሰው «ያጥፉልን ወይም ከበሩ ራቅ ብለው ይጨርሱ» ስትሉት ሕጉን እያስከበራችሁ ነው። ፋርማሲ ያላችሁ ደግሞ በሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ያለ ማዘዣ አትሽጡ፣ ጎረቤትም ቢሆን፣ ዘመድም ቢሆን፣ ሌሊትም ቢሆን።

እምቢ ማለት የሚቻልበት፣ አባባሉም

እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ጠቡ የሚነሳው እዚህ ነው።

ሰካራም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሐይቅ ዳር ካሉት ቤቶች በአንዱ እንደተቀመጣችሁ አስቡ። አንድ ትልቅ ሰው ገብቶ ይቀመጣል፣ ድምፁ ከፍ ብሏል፣ የጎን ጠረጴዛ ላይ ያሉትን ሴቶች እያየ ይናገራል። አስተናጋጇ ልጅ ናት፣ ትፈራዋለች። የሚደረገው ይህ ነው፦ ከእሷ ይልቅ ባለቤቱ ወይም በዕድሜ የሚቀርበው ሰው ይሂድለት። ፊት ለፊቱ አይቁም፣ ወደ ጎኑ ጠጋ ብሎ፣ ዝቅ ብሎ፣ ሌላው እንዳይሰማ ያናግረው። «ጋሼ፣ ዛሬ በዚህ ይብቃን። ሂሳብዎን ላምጣና ባጃጅ ልጥራልዎት።» ይቺ አነጋገር ውስጥ ያለውን እዩ። «ሰክረዋል» የሚል ቃል የለበትም። «ውጣ» የለም። «ዛሬ» የሚለው ነገ በሩ ክፍት መሆኑን ይነግረዋል። ባጃጁ ደግሞ የሚሄድበትን መንገድ ይሰጠዋል፣ ሰው ከተቀመጠበት የሚነሳው መሄጃ ሲኖረው ነው። ወጣት ከሆነ «ወንድሜ» በሉት፣ ሴት ከሆነች «እህቴ» ወይም «እትዬ»።

እምቢ ካለ ክርክር አትጀምሩ። ሌላ አትቅዱ፣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በዚያው ድምፅ ድገሙት፣ ጠርሙሱንና ብርጭቆውን አንስታችሁ ውኃ አስቀምጡለት። ጓደኛ አብሮት ካለ ለጓደኛው ንገሩት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይዞት የሚወጣው እሱ ነው። እጅ ካነሳ ወይም ካስፈራራ ፖሊስ ይጠራል እንጂ ዘበኛው አይደበድበውም። ዘበኛችሁ ሰው ቢጎዳ እናንተም አብራችሁ ልትከሰሱ ትችላላችሁ፣ ተከሳሽ ባትሆኑም እንኳ ቤታችሁ ሰው የሚመታበት ቤት ተብሎ ስሙ ይወጣል።

ዱቤ። ዱቤ መከልከል ሙሉ መብታችሁ ነው፣ ማንም ሊያስገድዳችሁ አይችልም። ግን ሰፈር ውስጥ ሱቅ ላለው ሰው ከሰካራሙ ይልቅ ይሄ ነው የሚከብደው፣ ምክንያቱም ጠያቂዋ ልጅሽን ያሳደገች ጎረቤት ልትሆን ትችላለች። ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው መከልከል ነው መቀያየሚያው። ስለዚህ አንዱን ምረጡ። ወይ ለማንም አልሰጥም በሉ፣ ለገዛ እህታችሁም ጭምር፤ ወይ ለሁሉም በአንድ መጠን ስጡ፣ ደብተር ላይ አብራችሁ ጻፉ፣ የቆየው ሳይከፈል አዲስ አይከፈትም በሉ። «እማማ፣ ያለፈውን ስንዘጋው አዲሱን እንከፍታለን» ሲባሉ አይቀየሙም። «ለእርስዎ አልሰጥም» ሲባሉ ግን ዕድሜ ልክ ይቀየማሉ፣ ልክም ናቸው። ሌላ ሰው ባለበትም የዱቤ ደብተር አይገለጥም። የሰው ዕዳ የሰው ገመና ነው።

የተቀደደ ብር። በየቀኑ ሰው የሚጣላው በዚህ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተለወጠው አሮጌው አሥር፣ ሃምሳና መቶ ብር አይሠራም፣ መመለስ ትችላላችሁ። ያረጀና የተቀደደ ነገር ግን የሚሠራ ብር ባንክ ወስዳችሁ መቀየር ስለምትችሉ ብትቀበሉ ይሻላል። አልቀበልም ካላችሁም ሰው ከበላ በኋላ ማለት ግፍ ነው። ከፊቱ ላይ ምግብ ሳይቀርብ፣ በር ላይ ይጻፍ።

ሰዓትና ዕቃ። ሊዘጋ ሲል የመጣን ሰው መመለስ ይቻላል፣ ግን ከሱ ቀጥሎ ለመጣው ወዳጃችሁ በጓሮ በር ካስገባችሁ የመጀመሪያው ሰው ይሰማል፣ ከተማዋ ትንሽ ናት። ዕቃን በተመለከተ የምትሸጡትን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ሙስሊም ሆኖ መጠጥ የማይሸጥ ሆቴል ማንንም አልበደለም፣ በጾም ሥጋ የማይሠራ ቤትም እንዲሁ፣ ለሁሉም ነው የሌለው። የሙስሊም ሥጋ ቤትና የክርስቲያን ሥጋ ቤት ለየብቻ መሆናቸው የሥጋውን አስተራረድ ነው የሚነግረን፣ ገዢውን አይመርጥም። እጥረት ያለበትን ዘይት ወይም ስኳር ጓዳ ደብቆ «የለም» ማለት ግን የዕቃ ምርጫ አይደለም፣ ዋጋ እስኪጨምር ማከማቸት ነው፣ አዋጅ 813ም የሚቀጣው ነገር ነው።

ማተሚያ ቤትና ፎቶ ቤት ያላችሁ ደግሞ አንድ ተጨማሪ መብት አላችሁ። የሐሰት ማኅተም ቅረጽልኝ፣ የሌላ ሰው መታወቂያ አስተካክልልኝ፣ ይህን ብሔር የሚሰድብ ወረቀት አባዛልኝ የሚልን ሰው ማንም ይሁን መልሱት። እምቢ ያላችሁት ለሥራው ነው፣ ያው ሰውዬ የሠርግ ካርድ ይዞ ቢመጣ ትሠሩለታላችሁ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እምቢ የማይባልበት

እዚህ ደግሞ ቀስ እንበል።

ጣና ዳር የሚኖር ሰው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብን ነገር ያውቃል። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት እነሱ ናቸው፣ ዓሣውን የሚያወጡት፣ ሴቶቹ ስፌቱን የሚሠሩት። ሐይቁን ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ድሮ ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ተገለሉ፣ አብሯቸው የሚበላ አልነበረም፣ ዕቃ ይለይባቸው ነበር። አንዳንዱ ሰው ዛሬም ይህን እንደ ባህል ያወራዋል። እኔ ባህል አልለውም። የሠራውን ታንኳ ፎቶ አንስተህ ለቱሪስት ሜኑ ላይ ታትማለህ፣ ያወጣውን ቆሮሶ ዓሣ ገዝተህ ጠብሰህ ትሸጣለህ፣ ሰውየው ራሱ ገብቶ ሻይ ሲል ብርጭቆ ትለያለህ? ወይም «ወንበር የለም» ትላለህ? ይህ በየትኛውም ሕግ፣ በየትኛውም ሃይማኖት አይቆምም።

ሌላ አገር የሆነው ለዚህ በጣም ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1960፣ አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ በምትባል ከተማ አራት ጥቁር የኮሌጅ ተማሪዎች ወልዎርዝ የሚባል መደብር ገቡ። የጥርስ ሳሙናና ጥቃቅን ዕቃ ገዙ፣ ገንዘባቸውን ተቀበሏቸው። ቀጥለው እዚያው ቤት ውስጥ ባለው የምሳ ባንኮኒ ተቀምጠው ቡና አዘዙ፣ አንቀዳላችሁም ተባሉ። አልተነሱም። በማግስቱ ብዙ ሆነው ተመለሱ፣ ነገሩ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ባንኮኒው ለሁሉም ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ የአገሪቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ ቲያትር ቤትና ነዳጅ ማደያ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር ሰው እንዳይመልሱ ከለከለ። ያኔም «የግል ቤት ነው፣ ባለቤቱ ይምረጥ» የሚሉ ነበሩ። ግን በሩን ለሕዝብ ከፍተህ፣ ታፔላ ሰቅለህ፣ «ኑ» ብለህ ጠርተህ፣ ከሕዝቡ መካከል አንዱን ነጥለህ «አንተን አይደለም» ማለት ሌላ ነገር ነው። ሳሎንህ ውስጥ ማንን እንደምትጋብዝ ማንም አይጠይቅህም። ንግድ ፈቃድ ያወጣህበት ቤት ግን ሳሎን አይደለም።

ቋንቋና ብሔርም እንዲሁ ነው። ከአፉ የወጣውን ቃል ሰምቶ ወይም «ከየት ነህ» ብሎ ጠይቆ አልጋ የለም የሚል ፔንሲዮን ካለ፣ ቁልፎቹ ሰሌዳው ላይ ተሰቅለው እየታዩ፣ በአንቀጽ 25 ላይ የተጻፈውን ነው የሚጥሰው። መታወቂያ መጠየቅ ተገቢ ነው፣ አልጋ የያዘን ሰው መመዝገብም። መታወቂያው ላይ የተጻፈውን ስም አይቶ ፊት ማጥቆር ግን የመዝገቡ ሥራ አይደለም። ተፈናቅለው የመጡ ሰዎችን «እነዚህ አይከፍሉም» ብሎ በጅምላ መመለስም አንድ ነው። ቅድሚያ ክፍያ የምታስከፍሉ ከሆነ ሁሉንም አስከፍሉ።

ማታ ብቻዋን የመጣች ሴት። አንዳንድ ቤት «ያለ ወንድ ሴት አናስተናግድም» ይላል፣ አንዳንድ ፔንሲዮንም ለብቻዋ ሴት አልጋ አይሰጥም። ምክንያቱን ስትጠይቁ «ለቤቱ ስም» ይሏችኋል። ከሐሙሲት ወይም ከመራዊ ለሕክምና መጥታ አውቶቡስ ያመለጣት ሴት የት ትደር? ይህን የሚል ደንብ ካላችሁ ዛሬውኑ አውርዱት። ክፍሉን የሚያስነውር ጠባይ ካለ ወንድም ሴትም ያስነውረዋል፣ ለጠባዩ ደንብ አውጡ።

አካል ጉዳተኛ። «ደረጃ ስላለን ይቅርታ» የሚለው መልስ ብዙ ቦታ ይሰማል። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንጻ ለአካል ጉዳተኞች፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱት ጭምር፣ ምቹ መግቢያ ይኑረው ይላል። ሕንጻው የኪራይ ሆኖባችሁ መቀየር ካልቻላችሁ የምትችሉትን አድርጉ። ሁለት ሳንቃ አንድ ላይ ተመትቶ ከደረጃው ላይ የሚጋደም መወጣጫ አናጺ በአንድ ቀን ይሠራዋል፣ በር አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ክፍት አድርጎ መያዝ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። ማየት ለተሳነው ሰው ሜኑውን ከነዋጋው አንብቡለት። ዋጋውን ዘሎ ማንበብ ልማድ ሆኗል፣ እሱም ዋጋ ማወቅ ይፈልጋል።

ገበሬውስ? ይህን ሳላነሳው ባልፍ ደስ አይለኝም። የቅዳሜ ገበያ ውሎ የመጣ ሰው፣ ጋቢ የለበሰ፣ ዱላ የያዘ፣ እግሩ አቧራ የሆነ፣ ጥሩ የሚመስለው ሆቴል በር ላይ ሲደርስ ዘበኛው እጁን ይዘረጋል። «አባባ፣ ወዴት ነው?» ፈረንጅ በቁምጣና በነጠላ ጫማ ሲገባ ግን ማንም አይጠይቀውም። ጤፍ ሸጦ ኪሱ ውስጥ ከብዙዎቻችን የበለጠ ገንዘብ ይዞ ሊሆን ይችላል፣ ባይዝም ሻይ ጠጥቶ መሄድ ይችላል። ዱላ እንዳይገባ ከፈለጋችሁ ለሁሉም አድርጉት፣ በር ላይ ማስቀመጫ አብጁ፣ ቁጥር ስጡ። «አባባ፣ ዱላውን እዚህ ላኑርልዎት፣ ሲወጡ ይወስዱታል» ይባል። ጦር መሣሪያም ጫትም ይዞ መግባት ክልክል ካደረጋችሁ በዚያው መንገድ ይሁን፣ ባለ መኪናውም ባለ ጋቢውም እኩል ይፈተሹ።

ጀልባና ባጃጅ

ጀልባ ያላችሁ እምቢ ማለት ግዴታችሁ የሚሆንበት ቀን አለ። ከልክ በላይ ሰው አትጫኑ፣ ላይፍ ጃኬት አልለብስም ያለውን አታሳፍሩ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳና ሐይቁ ሲናወጥ «ከፍያለሁ» ቢሏችሁም አትውጡ። ገንዘቡን መልሱና ነገ ጠዋት በሏቸው።

ሌላው የጀልባ ጉዳይ የጣና ገዳማት ናቸው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ይህ የገዳሙ ሥርዓት ነው፣ ገዳም ደግሞ ንግድ ቤት አይደለም፣ በዚህ ላይ የነጋዴ ደንብ አይጫንበትም። የእናንተ ሥራ ግን ንግድ ነው፣ ስለዚህ ሳይሳፈሩ፣ ገንዘብ ሳትቀበሉ መንገር አለባችሁ። ባልና ሚስት ከፍለው ክብራን ደርሰው ሚስትየዋ ጀልባ ላይ እንድትቀመጥ የሚነገራት እዚያ ከሆነ የበደላችኋት እናንተ ናችሁ። እንጦስ ኢየሱስ አጠገቡ ነው፣ ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምህረት አለ፣ ሁለቱም ሴት ይገባባቸዋል። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱን በዚያ አስተካክሉላቸው።

ባጃጅ ስትነዱ ደግሞ የሕዝብ ማመላለሻ ፈቃድ ይዛችሁ ነው። ሰካራም፣ ቤንዚን የያዘ ጀሪካን፣ ከሚገባው በላይ ጭነት ቢመጣ አይሆንም በሉ። ክራንች የያዘን ሰው አይቶ እንዳላየ ማለፍ፣ ወይም «አጭር መንገድ ነው አልሄድም» ማለት ግን ለባጃጅም ለከተማዋም አይበጅም። ማታ የምትፈሩት ሰፈር ካለ ሰፈሩን አልሄድም በሉ፣ ለማንም።

ደንቡን መጻፍ

«አስተዳደሩ ደንበኛን ያለመቀበል መብት አለው» የሚል ወረቀት ብዙ ቦታ ተለጥፎ ይታያል። አይጠቅማችሁም። ለማን፣ መቼ፣ ለምን የሚል ስለሌለው ሲያነቡት ሁሉም ሰው ለራሱ የተጻፈ ይመስለዋል፣ ክርክር ሲነሳም ምንም አያስረዳላችሁም። ይልቅ የማይፈቀደውን ነገር በስሙ ጻፉት። እንዲህ፦

«ዕድሜው 21 ላልሞላ መጠጥና ሲጋራ አንሸጥም። ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው። ዱላና መሣሪያ በር ላይ ይቀመጣል። ሠራተኛን ወይም ሌላ ደንበኛን የሚሳደብ ሰው አይስተናገድም። ኩሽና የሚዘጋው ከምሽቱ 4፡00 ነው። ዱቤ የለም።»

ይህ ይበቃል። የዋጋ ዝርዝሩን ከጎኑ ለጥፉ፣ እሱም በሕግ ግዴታችሁ ነው፣ ለፈረንጅ ሌላ ሜኑ ማውጣትም ይቅር። ማንበብ የማይችል ሰው ስለሚኖር ደግሞ ዘበኛው ደንቡን በቃሉ ይወቀው።

ዘበኛውን በተመለከተ ትንሽ ልጨምር። በአብዛኛው ቤት ማን እንደሚገባ የሚወስነው ባለቤቱ ሳይሆን እሱ ነው፣ ያም በትንሽ ደመወዝ፣ ምንም ሳይነገረው፣ ጌታዬ ይህን ይፈልጋል ብሎ በገመተው። ስለዚህ አንድ ቀን ከሥራ በፊት አስቀምጡት፣ ሻይ አስመጡለት፣ ማን እንደማይመለስ በግልጽ ንገሩት። የማይመለሱትን አስቀድሙ፦ ገበሬ፣ ሴት፣ አካል ጉዳተኛ፣ ልጅ የያዘች እናት፣ የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ። ከተጠራጠረ ራሱ ሳይወስን እናንተን ይጥራ። አንድ ደንበኛ «ይሄ ሰውዬ እዚህ ምን ይሠራል» ብሎ ሌላውን እንድታስወጡለት ቢጠይቅ፣ የሚሄደው ጠያቂው እንደሆነ ዘበኛውም አስተናጋጁም ይወቅ። ይህ ሁኔታ ይመጣል፣ በተለይ ጥሩ ገንዘብ የሚያወጣ ደንበኛ ነው የሚጠይቀው። መልሱ «ጋሼ፣ እሱም ደንበኛችን ነው፣ ከፈለጉ ሌላ ጠረጴዛ ላመቻችልዎት» ነው፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የለም።

ከመለሳችሁ በኋላ

የመለሳችሁትን ሰው ጉዳይ በዚያው ማታ አጭር አድርጋችሁ ጻፉ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ምን አደረገ፣ ምን አላችሁት፣ ማን አየ። ሰውየው ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ቢከስ ከአፍ ይልቅ ወረቀት ይሰማል። እናንተ የተመለሳችሁ ደንበኞች ከሆናችሁም በዚያው ጽሕፈት ቤት አመልክቱ፣ ለምን እንደተመለሳችሁ ባለቤቱን አስነግራችሁ፣ የሰማ ምስክር ይዛችሁ። ዛቻ ወይም ድብደባ ካለበት ግን መጀመሪያ ፖሊስ።

ከተመለሱት መካከል የሚመለስ ይኖራል። ያ ማታ ሲጮህ የነበረው ሰውዬ ከሳምንት በኋላ ጠዋት፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርስ ፈልጎ ይመጣል። ያለፈውን አታንሱበት። ወንበር ስጡት፣ ፉሉን ወይም ዓሣ ዱለቱን አምጡለት፣ እንደ ሌላው ሰው አስከፍሉት።